በሐሙስና በዐርብ መካከል የጠፉ ዐሥር ቀናት

ሰው ከሚለካቸው ነገሮች ሁሉ እንደ ዘመን የሚያስቸግር የለም። እህልን በቁና፥ ጨርቅን በክንድ የሚለካ ሰው የለካውን ነገር በፊቱ አኑሮ ያየዋል፤ ዘመን ግን ሲለኩት ያልፋል፤ ካለፈም በኋላ ከጽሕፈት በቀር ጽኑ ምስክር የለውም። ስለዚህ የጽሕፈቱ ልማድ ሲለያይ በአንድ ቀን የሆነው ነገር በሁለት ቀን፥ በሁለት ዓመት የሆነውም በአንድ ዓመት የሆነ ይመስላል። ዛሬ ከታሪክና ከሥነ ፈለክ ትምህርት ሰብስበን የምናቀርበው ነገር ለመስማት የሚያስገርም ቢሆንም፥ ለሹምም ለካህንም ለጸሓፊም የሚጠቅም ነው።

በእስጳንያ አገር ቴሬዛ ዘአቪላ የምትባል ስመ ጥር መነኵሲት ነበረች። ይህችም እናት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1582 ዓመት፥ ኦክቶበር 4 ቀን ሐሙስ ለዐርብ ሌሊት ዐረፈች፤ በማግሥቱም ዐርብ ተቀበረች። የተቀበረችበት ዕለት ግን ኦክቶበር 15 ቀን ተብሎ ተጻፈ። ይህም ሬሳዋ ዐሥር ቀን ሳይቀበር ስለ ቈየ አይደለም፤ በመካከል ያሉት ዐሥር ቀናት በዚያ ዓመት በእስጳንያ ከቶ ስላልነበሩ ነው እንጂ።

የዚህን ነገር ምክንያት ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የሮማው ዩልዮስ ቄሣር የአገሩ አቈጣጠር ከፀሐይ ጋር ፈጽሞ እንደ ተለያየ ባየ ጊዜ፥ ሶሲጌኔስ የተባለውን ሊቅ አማክሮ ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ አደረገው፤ ሩቡም በአራት ዓመት አንድ ቀን ሆኖ እንዲጨመር አዘዘ። የቀድሞውን ስሕተት ለማረም ሲባል ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው 46ኛው ዓመት 445 ቀን ሆነ፤ የሮማም ሰዎች የውዥንብር ዓመት አሉት።

ነገር ግን እውነተኛው የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ ያህል ነው። ስለዚህ የዩልዮስ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ይበልጣል። ይህ ትርፍ ለአንድ ሰው ዕድሜ ምንም አይደለም፤ ሲጠራቀም ግን በ128 ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ያህል ይሆናል። ሠለስቱ ምእት በኒቅያ በተሰበሰቡበት በ325 ዓመት ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ዕለት ማርች 21 አካባቢ ነበረ፤ በ1582 ዓመት ግን ወደ ማርች 11 ተመልሶ ተገኘ። ስለዚህ የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ ዐሥሩ ቀን እንዲዘለል፥ ለወደፊትም በ400 ዓመት ውስጥ ሦስት ጭማሪ ቀን እንዲቀር አዘዘ። ከዚህም የተነሣ 1700፥ 1800ና 1900 ጭማሪ ቀን አጡ፤ 1600ና 2000 ግን አላጡም።

ትእዛዙ የመጣው ከሮማ ስለ ሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ አልተቀበለውም። እንግሊዞች እስከ 1752 ዓመት ቈይተው ሴፕቴምበር 2 ቀን ተኝተው በማግሥቱ ሴፕቴምበር 14 ቀን ተነሡ። ስዊድኖች ቀኑን በጥቂት በጥቂቱ ለማስተካከል ጀምረው ነገሩ ስለ ተምታታባቸው ወደ ቀድሞው ሲመለሱ፥ በ1712 ዓመት ለፌብሩዋሪ ወር 30ኛ ቀን ሰጡት። በሩሲያ የጥቅምት አብዮት የሚባለው በአሮጌው አቈጣጠር ኦክቶበር 25 ቀን 1917 ሲሆን፥ በአዲሱ ኖቬምበር 7 ቀን ነው፤ በእኛ ግን ጥቅምት 28 ቀን 1910 ዓ.ም. ስለ ሆነ ስሙ ከእኛ ወር ጋር ይስማማል።

ሊቃውንትም ሳይቀሩ በዚህ ተሰናክለዋል። ጋሊሌዎ በሞተበት ዓመት ኒውተን ተወለደ የሚል ቃል በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። ጋሊሌዎ በኢጣልያ በአዲሱ አቈጣጠር ጃንዋሪ 8 ቀን 1642 ሞተ፤ ኒውተንም በእንግሊዝ በአሮጌው አቈጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን 1642 ተወለደ። ሁለቱ በአንድ አቈጣጠር ቢጻፉ ግን የኒውተን ልደት ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ይሆናል። ያማረው አባባል ሁለት መስፈሪያ ከመደባለቅ የተወለደ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፥ በዕለተ እሑድ ሆነ። የውጭ አገር መጻሕፍት ይህን ቀን ማርች 1 ቀን 1896 ይሉታል። እኛ ግን በዓሉን የምናከብርበት የካቲት 23 በእነርሱ ማርች 2 ቀን ይውላል። እንግዲህ ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። እነርሱ በ1900 ዓመት አንድ ቀን ስለ ቀነሱ ነው እንጂ። በ2100 ዓመትም ደግሞ ስለሚቀንሱ፥ ከዚያ ወዲያ የካቲት 23 ማርች 3 ቀን ይውላል። የልደት በዓላችንም እንዲሁ ነው፤ እስከ 1900 ዓመት በጃንዋሪ 6 ይውል ነበር፤ ዛሬ በጃንዋሪ 7 ይውላል፤ ከ2101 ጀምሮ በጃንዋሪ 8 ይውላል። በዓሉ ግን ከባሕረ ሐሳቡ ሥርዐት ከቶ አልተናወጠም።

እውነቱን ለመናገር የእኛም ዓመት 365 ቀን ከሩብ ስለ ሆነ፥ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ስትሆን ከፀሐይ ጋር በዚያው በ128 ዓመት አንድ ቀን ያህል ይለያያል። ይህን ማወቅ የአባቶችን ሥራ ማቃለል አይደለም። መስፈሪያውን ያወቀ ሰው የሰፈረውን ያውቃል፤ መስፈሪያውን የማያውቅ ግን የሌላውን መዝገብ በሐሰት ይከሳል፤ ወይም የራሱን ትክክለኛ መዝገብ ያበላሻል።

የሚያሳስበንም ይህ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የልደት ማስረጃ፥ ውልና የፍርድ ወረቀት ከአንዱ አቈጣጠር ወደ ሌላው ይገለበጣል። ጸሓፊው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መደመሩን ብቻ ይዞ የዛሬውን ሰሌዳ ለጥንቱ ዘመን ቢያውለው፥ የዐድዋን ቀን ማርች 2 ብሎ ይጽፋል፤ ትክክለኛውንም መጽሐፍ ስሕተተኛ ይለዋል። የአንድ ቀን ስሕተት በታሪክ ጊዜ ክርክር፥ በውርስና በዕዳ ጊዜ ደግሞ ጉዳት ያመጣል።

መድኀኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። የቀድሞ ጸሐፍቶቻችን በመጽሐፍ መጨረሻ ዓመቱን ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የወንጌላዊውን ስም ይጨምሩ ነበር። ከዚህም ጋር የዕለቱን ስም መጻፍ ታላቅ ምስክር ነው። ፓፓ ጎርጎርዮስ ዐሥር ቀን ሲያስወግድ ሐሙስን ዐርብ ተከተለው እንጂ የሳምንቱ ተራ አልተቋረጠም፤ ስለዚህ እሑድ በሁሉም አቈጣጠር እሑድ ነው። እንግዲህ ቀን የምትጽፉ ሁሉ በመጀመሪያ የተጻፈውን ቀን እንዳለ አቈዩት፤ የተገለበጠውን በአጠገቡ አኑሩት፤ አቈጣጠሩ የማን እንደ ሆነ ግለጹ፤ የዕለቱንም ስም አትተዉ። ቍጥሮቹ ሲጣሉ የሚያስታርቃቸው እርሱ ነውና።