በካርቱም ለሕክምና ይጠየቅ ስለ ነበረው የፖሊስ ወረቀት

በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፥ በጠብ የቈሰለ ወይም ግፍ የተፈጸመበት ሰው ወደ ሐኪም ቤት ሲሄድ «አስቀድመህ ከፖሊስ ጣቢያ ወረቀት አምጣ» መባሉ የቈየ ልማድ ነበር። ወረቀቱ በአገሩ ቋንቋ «ኡርኒክ 8» ይባላል፤ ስምንተኛ ቍጥር ፎርም ማለት ነው።

ፖሊሱ የተበዳዩን ስምና የጕዳቱን ምክንያት ይጽፍበታል፤ ሐኪሙም መርምሮ ያየውን ቍስል ይመዘግብበታል፤ ከዚያም ለፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል። ማስረጃ ከሌለ በዳዩ ሊያመልጥ ስለሚችል፥ ፎርሙ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ለዳኛ የታሰበው ወረቀት ለሕክምና መግቢያ ፈቃድ ሆኖ መገኘቱ ነው። ደሙ የሚፈስ ሰው በመጀመሪያ ወደ ጸሐፊ ጠረጴዛ መላኩ ከሕክምና ሥርዐት ጋራ አይስማማም።

ችግሩ ይልቁንም የከበደው ተገደው በተደፈሩ ሴቶች ላይ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያም ከ120 ሰዓት በኋላ አይሰጥም። ወደ ጣቢያ መሄዱ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ መደፈርን ከዝሙት ጋራ አያይዞት ስለ ነበረ፥ መደፈሯን ማስረዳት ያልቻለች ሴት ራሷ በዝሙት ልትከሰስ ትችል ነበር። አንቀጹ የተሻሻለው በ2015 ነው። በከተማው በቤት ሠራተኛነትና ሻይ በመሸጥ ይተዳደሩ የነበሩት ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያትማ፥ የመኖሪያ ፈቃድ ከሌላቸው፥ ፖሊስ ፊት መቅረቡን ከሕመሙ አብልጠው ቢፈሩ አያስገርምም።

በዳርፉር ጦርነት ጊዜ ብዙ አቤቱታ ስለ ቀረበ፥ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2004 እና በ2005 ባወጣው መመሪያ ሕክምና ያለ ፎርሙ ሊሰጥ እንደሚቻል አስታወቀ። ይሁን እንጂ መመሪያው በየሐኪም ቤቱ በእኩል አልታወቀም፤ ያወቁትም ሐኪሞች ቢሆኑ በኋላ እንዳይጠየቁ በመፍራት ወረቀቱን መጠየቃቸውን አልተዉም። ሐኪሙን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም፤ ከሚኒስቴር ወጥቶ እስከ ድንገተኛ ክፍል ያልደረሰ መመሪያ ለበሽተኛው ምንም አይረባውም።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ብዙዎቹ የፖሊስ ጣቢያዎች ሥራ አቆሙ፤ ፎርሙን የሚፈልግ ሰው የሚሰጠው እንኳ አጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የፖሊስ ክስ ለሕክምና ግዴታ እንዳይሆን ይመክራል። በዚህ አሠራር ሐኪሙ አስቀድሞ ያክማል፤ ያየውንም በራሱ መዝገብ ጽፎ በምስጢር ያቈያል፤ ታካሚዋ ክስ ለማቅረብ በፈቀደች ጊዜ ማስረጃው ከመዝገቡ ይወጣል።