የፍልሰታ ጎመን ሥራው በመጋቢት ይጀምራል



በቤተ ክርስቲያናችን የወቅቶች አቈጣጠር ዘመነ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። በብዙዎች ዘንድ መስከረምን ጸደይ ብሎ መጥራት ቢለመድም፣ ዘመነ ጸደይ ገበሬው መሬቱን አለስልሶ ዘር የሚጥልበት ወቅት ነው። የጓሮ አትክልት መሬትም መዘጋጀት ያለበት በዚሁ ጊዜ ነው።

በጉንደ ወይንና በዙሪያዋ ባሉ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ቀበሌዎች ለሥራ ስንመላለስ፣ ጓሮው ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ዝናቡ ከገባ በኋላ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚያን ጊዜ ግን የቤተሰቡ ጉልበት ሁሉ ወደ እህሉ ማሳ ይሄዳል። ጎመኑ ዘግይቶ ይዘራል፤ ለምግብ የሚደርሰውም ጾመ ፍልሰታ ካለፈ በኋላ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የጎተራው እህል የሚመናመንባቸው ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት ከጓሮ የሚቀነጠስ ቅጠል በተለይ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት ታላቅ ድጋፍ ነው።

ስለዚህ ጾሙ ከሚገባበት ከነሐሴ 1 ወደ ኋላ እንቍጠር። አጽዋማትንና በዓላትን በባሕረ ሐሳብ ለሚያወጡ ካህናት ይህ ስሌት ቀላል ነው። ጎመን ከተተከለ በኋላ ቅጠሉ ለመቀንጠስ እንዲደርስ 7 ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ እንግዲያውስ ተከላው እስከ ሰኔ 10 መጠናቀቅ አለበት። ችግኙ በመደብ ላይ 5 ሳምንት ስለሚቆይ ዘሩ ግንቦት 5 ገደማ ይፈስሳል። መሬቱን የሚያዳብረው ብስባሽ ደግሞ እስኪበስል 3 ወር ስለሚወስድ፣ የመጀመሪያው ሥራ መጋቢት 10 አካባቢ ይጀመራል ማለት ነው።

ብስባሹ በበጋ ወራት እርጥበቱን እንዲይዝ በጉድጓድ ቢዘጋጅ ይመረጣል። ገለባ፣ እርጥብ ቅጠል፣ ጥቂት እበት፣ አመድና ስስ አፈር በየተራ ይነጠፋሉ፤ ውኃ ይርከፈከፍባቸዋል፤ በየወሩም ይገለበጣሉ። እበቱ ለኩበት እንደሚፈለግ እናውቃለን፤ ማገዶ በተወደደበት አገር ሁሉንም ለጓሮ ስጡ አንልም። ነገር ግን ጥቂት እበት በውኃ በጥብጦ በየንጣፉ ላይ መርጨት ለማብላላት ይረዳል። ከምድጃ የሚወጣውም አመድ ሊጣል አይገባውም።

አመዱ ሌላም ጥቅም አለው። በጎጃም ደጋ ብዙው ቀይ አፈር አሲዳማ በመሆኑ ተክሉ በመሬቱ ውስጥ ያለውን ምግብ በሚገባ እንዳያገኝ ያደርገዋል። አመድ ይህን አሲድ ያለዝባል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ ያህል በትኖ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ይበቃል። የእርሻ ኖራ ማግኘት የቻለም ከመትከሉ አንድ ወር ቀድሞ ይቀላቅለው። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ዋናው ችግር የክረምቱ ውኃ መተኛት ነው። ስለዚህ መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግና በዙሪያው የውኃ መውረጃ ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል።

ቦታው ከቤት የራቀ አይሁን፤ ሳሙና ያልበዛበት የዕቃ ማጠቢያ ውኃ በግንቦት ችግኙን ለማጠጣት ይውላል። ባሕር ዛፍ የመሬቱን ውኃና ምግብ ስለሚሻማ ከእርሱ መራቅ ይገባል። ዶሮና ከብት እንዳይገባም አጥሩ ከዘሩ ይቅደም። የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር ባይበልጥ፣ መሬቱን ሳይረግጡ ከሁለቱም ጎን በእጅ ለማረም ይመቻል። በችግኙ ላይ የሣር ጥላ ይሠራለታል፤ ተከላው አንድ ሳምንት ሲቀረውም ፀሐይ እንዲለምድ ጥላው ቀስ በቀስ ይነሣል። ካሮት ግን ተነቅሎ መተከልን ስለማይወድ በቋሚ ቦታው ይዘራል፤ ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ ከአሸዋ ጋር ቢደባለቅ ተመጣጥኖ ይበተናል።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ በሦስት ነገር ይገለጣል። አንደኛ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ አንድ የጋራ የችግኝ መደብ ቢዘጋጅ ለብዙ ቤት ይዳረሳል፤ ውኃ መቅዳት ለማይችሉ አረጋውያንም ድካም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ሥራው ከበዓላት ጋር እንዳይጋጭ የሥራ ቀኖቹን አስቀድሞ ለይቶ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ማሳወቅ ይቻላል። ሦስተኛ፣ በዐውደ ምሕረቱ ዙሪያ የአብነት ትምህርት ቤት ካለ ከመደቡ ጥቂቱ ለተማሪዎቹ ይለይላቸው። በክረምት ዝናብ ቁራሽ ፍለጋ ደጅ ለደጅ የሚዞር ተማሪ፣ ከጓሮው ጎመን ቢያገኝ ለዜማውና ለቅኔው የሚተርፈው ጊዜ ይበዛል።

እንግዲህ መጋቢት ሲገባ በየአጥቢያችን አንድ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ገለባና ቅጠል ተጠራቅሞ እንዲገኝ አደራ እንላለን። የዘራነውን የሚያሳድግ እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።