የሞተር ብስክሌት የነፋስ መከላከያ፦ ይገጠም ወይስ ይቅር?

መግቢያ

በሀገራችን «ብርድ መታኝ»፣ «ነፋስ ገባብኝ» የሚል ሕመምተኛ ያላስተናገደ የጤና ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። ሕመሙ የጎን ውጋትም ይሁን የወገብ ቁርጥማት፣ ሳልም ይሁን የፊት መጣመም፣ ምክንያቱ አስቀድሞ በቤት ውስጥ ተወስኖ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ነፋስ ሲጋፈጥ በሚውለው በሞተር ብስክሌት አሽከርካሪ ዘንድ ደግሞ ይህ እምነት እጅግ የጸና ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ በልደታ ክፍለ ከተማ በጌጃ ሰፈር የሚኖር፣ በሞተር ብስክሌት ዕቃና ሰነድ የሚያደርስ አንድ ወጣት ጎረቤቴ ነው። ታሪኩን የምጽፈው በፈቃዱ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእናቱ ጋር ወደ ቤቴ መጣ። አፉ ወደ ቀኝ ተስቧል፤ የግራ ዓይኑ አይከደንም፤ ውኃ ሲጠጣ በከንፈሩ ጥግ ይፈስሳል። «ነፋስ ነው የመታው ልጄ፤ ያ ሞተር ነው ጉድ የሠራን» አሉኝ እናቱ። ሕመሙ ከጀመረው አምስተኛ ቀኑ ነበር። እነዚያ ቀናት ያለፉት ፊቱን በትኩስ ጨርቅ በማሸትና ከቤት ባለመውጣት ነው። ወጣቱ ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ ነበር፦ «ዶክተር፣ ለሞተሩ የፊት መስታወት ላስገጥም ገንዘብ ሳጠራቅም ነበር። ቀድሜ አስገጥሜው ቢሆን ኖሮ ይህ ይደርስብኝ ነበር? አሁንስ ላስገጥመው?»

ጥያቄው የጋራዥ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን የጤና ባለሙያውንም በቀጥታ ይመለከታል። በአንድ በኩል አሽከርካሪዎች ሕመምተኞቻችን ናቸው። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሞተር ብስክሌቶች ላይ እገዳ ጥሎ የነበረ ቢሆንም፣ በኋላ ፈቃድ ያገኙት ወደ ሥራ ተመልሰዋል። በሌላ በኩል እኛም ራሳችን አሽከርካሪዎች ነን። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ ለድጋፋዊ ክትትል የሚወጣ፣ ክትባት በቀዝቃዛ ሣጥን ይዞ የሚጓዝ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው በሞተር ብስክሌት ነው። ስለሆነም ነፋስ በሰውነት ላይ በእርግጥ ምን ያደርጋል፣ መስታወቱስ ከዚህ ውስጥ የቱን ይከላከላል የሚለውን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

የፊት መጣመምና ነፋስ

ከእናቱ ክስ እንጀምር። ቤልስ ፓልሲ ተብሎ የሚጠራው ድንገተኛ የፊት መጣመም የሰባተኛው የአንጎል ነርቭ ሕመም ነው። ነርቩ ጠባብ በሆነው የአጥንት ቦይ ውስጥ ሲያልፍ ያብጥና ይጨመቃል። ለእብጠቱ መነሻ ይሆናል ተብሎ በዋነኛነት የሚጠረጠረው በነርቩ ውስጥ ተደብቆ የቆየ የሄርፐስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ እንደገና መቀስቀሱ ነው። በቅዝቃዜና በሕመሙ መካከል ግንኙነት መኖር አለመኖሩን የፈተሹ ጥናቶች እርስ በርስ የሚስማማ ውጤት አላገኙም። ሕመሙ በሞተር ብስክሌት ተቀምጠው በማያውቁ ሰዎችም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ መስታወቱ ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ ወጣቱን ከዚህ ሕመም ያድነው ነበር ለማለት የሚያስችል ማስረጃ የለም።

በነፋስ የማመኑ ጉዳት ያለው ሌላ ቦታ ነው። በስኮትላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ ሕመሙ በጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ ፕሬድኒሶሎን ከጀመሩ ሕመምተኞች ከዘጠኝ ወር በኋላ 94 ከመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ አገግመዋል፤ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ያገገሙት 82 ከመቶ ያህሉ ናቸው። «ነፋስ ነው፤ ሙቀት ያወጣዋል» በማለት የሚባክኑት ቀናት እንግዲህ እነዚሁ ውድ ሦስት ቀናት ናቸው።

የፊት መጣመም ያለበት ሰው ሲመጣ ባለሙያው ሊያያቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። ግንባሩን መቋጠርና ቅንድቡን ማንሳት ከቻለ፣ ወይም የእጅና የእግር ድካም ካለበት፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ መላክ አለበት። በጆሮው ዙሪያ ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች መኖራቸው መታየት አለበት። የፊት ነርቭ ሽባነት የኤች አይ ቪ የመጀመሪያ ምልክት ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል ምርመራ መቅረብ ይኖርበታል። ፕሬድኒሶሎን ከመታዘዙ በፊትም የስኳርና የደም ግፊት ሁኔታ ይታያል። ከሁሉ በላይ የማይከደነው ዓይን መጠበቅ አለበት፤ ቀን በሰው ሠራሽ እንባ፣ ሌሊት በቅባትና ዓይኑን በጥንቃቄ ከድኖ በማሸግ። ዓይኑ በራሱ መከደን እስኪጀምር ድረስ ሞተር ብስክሌት መንዳት አይገባም።

ስለ ሳንባ ምችም ተመሳሳይ ነገር መናገር ይቻላል። ሳንባ ምችን የሚያመጡት ተሕዋስያን ናቸው፤ በደረት ላይ የሚያርፍ ነፋስ አይደለም። ብርድ ልብስ በደረቱ ላይ አጥፎ የሚነዳ ሰው ሙቀት ያገኛል እንጂ ከባክቴሪያ አይጠበቅም። የተለየ ትኩረት የሚሻው አስም ያለበት አሽከርካሪ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአየር ቧንቧዎቹን ሊያጠብበት ስለሚችል አፍና አፍንጫውን መሸፈኑ ይጠቅመዋል። ከተሽከርካሪ ጭስ የሚወጡት ደቃቅ ብናኞች ግን ከአየሩ ጋር አብረው ስለሚዞሩ መስታወቱ አያስቀራቸውም።

ነፋሱ በእርግጥ የሚያደርገው

ነፋስ ከእነዚህ ክሶች ነፃ ወጣ ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጉዳት ድካም ነው። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። አሽከርካሪው ከሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ወደ 60 ሲሸጋገር በደረቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት አራት እጥፍ፣ ወደ 90 ሲደርስ ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ይህን የሚቋቋሙት የአንገት፣ የትከሻና የክንድ ጡንቻዎች ናቸው። ከጌጃ ሰፈር ወደ መርካቶ ወይም ወደ ሜክሲኮ በመጨናነቅ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ግፊቱ አነስተኛ ነው። እንዲያውም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የነፋሱ ግፊትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በአስፋልት ከወረዳ ወረዳ ለሰዓታት ለሚጓዝ ባለሙያ ግን የመስታወቱ ጥቅም ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው። የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት የኅዳር ማለዳ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የተገለጠ ቆዳው የሚሰማው ቅዝቃዜ 6 ዲግሪ ያህል ነው። ይህ በሽታ አያመጣም፤ ጣትን ግን ያደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። ልብ ማለት የሚገባው ግን አብዛኛው መስታወት ደረትን እንጂ እጅን የማይሸፍን መሆኑን ነው። ለእጅ የሚሻለው ጓንት ነው።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሄልሜቱ ዙሪያ የሚፈጠረው የነፋስ ድምፅ ወደ 90 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥርም ያድጋል። ይህን ያህል ድምፅ ለብዙ ዓመታት በየቀኑ መስማት የመስማት ኃይልን ይቀንሳል። በልክ የተሠራ መስታወት ድምፁን ሊቀንስ ይችላል። ቁመቱ ያልተስተካከለ መስታወት ግን ነፋሱን አዙሮ በቀጥታ ወደ ሄልሜቱ ስለሚልከው ራስን ያንገጫግጫል፤ ድምፁንም ያብሳል።

አራተኛውና ዋናው ዓይን ነው። አቧራና ጠጠር ጥቁሩን የዓይን ክፍል ይቧጭራል፤ ቁስሉ በተሕዋስያን ከተበከለ ብርሃንን እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። ለብዙ ዓመታት በነፋስ፣ በአቧራና በፀሐይ መጋለጥ ደግሞ ፕተሪጂየም የሚባለውን በዓይን ነጭ ክፍል ላይ ተነሥቶ ወደ ጥቁሩ የሚያድግ ሥጋ ያመጣል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር የደጋው አሽከርካሪ ይበልጥ ይጋለጣል። መስታወቱ ለዓይን የሚሰጠው ጥበቃ ከፊል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች እንደምንመለከተው አሽከርካሪው ማየት ያለበት ከመስታወቱ ጫፍ በላይ አሻግሮ ነው።

መስታወቱ ከአደጋ ይጠብቃልን?

በዚህ ረገድ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በዝርዝር መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 የቀረበው፣ በዋና ተመራማሪው በሃሪ ኸርት ስም የሚታወቀው ጥናት ነው። ጥናቱ ሁለት ነገር አሳይቷል። ዓይናቸውን ያልሸፈኑ አሽከርካሪዎች ነፋሱ እይታቸውን ስለሚያውክ አደጋን ዘግይተው ያያሉ። የነፋስ መከላከያ የተገጠመላቸው ሞተር ብስክሌቶች ደግሞ በአደጋዎቹ ውስጥ ከሚጠበቀው ባነሰ ቁጥር ተገኝተዋል።

ሁለተኛውን ውጤት ሰምቶ «እንግዲያው መስታወት ከአደጋ ያድናል» ብሎ መደምደም ያስቸኩላል። ጥናቱ ራሱ የሰጠው ማብራሪያ ሁለት ነው፤ አንድም መስታወቱ ሞተር ብስክሌቱን ከፊት ለሚመጣ መኪና ጎልቶ እንዲታይ ያደርገዋል፤ አንድም መስታወት የሚያስገጥሙት ይበልጥ ልምድና ሥልጠና ያላቸው አሽከርካሪዎች ናቸው። በጥናት ዘዴ ትምህርት አደናጋሪ ምክንያት የምንለው ይህንኑ ነው። ጎልቶ መታየትን በተመለከተም የፊት መብራትን ቀን በቀን ማብራትና ደማቅ ልብስ መልበስ በጥቂት ወጪ ይገኛል።

በተቃራኒው ስለ ሄልሜት ያለው ማስረጃ የማያሻማ ነው። ብዙ ጥናቶችን አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2008 የቀረበ ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ከመስታወት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከተገጠመ እንዴት?

ማስገጠም የወሰነ ሰው የሚከተሉትን ማስተዋል ይኖርበታል።

1ኛ/ ቁመት። አሽከርካሪው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ የመስታወቱ ጫፍ ከአፍንጫው ከፍታ ማለፍ የለበትም። ዝናብ ሲወርድ ወይም ጭቃ ሲረጭበት በመስታወቱ ውስጥ ማየት አይቻልም፤ ሌሊት ደግሞ ጭረቶቹ የመኪና መብራትን ይበትናሉ።

2ኛ/ የተሠራበት ነገር። ፖሊካርቦኔት ሲመታ አይበታተንም፤ ነገር ግን ቶሎ ይጫራል። አክሪሊክ ጭረትን ይሻላል፤ ሲሰበር ግን ስለታም ስብርባሪ ይሆናል። የመስኮት መስታወት ቆርጦ መግጠም ፈጽሞ አይገባም፤ በግጭት ጊዜ ፊትና አንገትን ይቆርጣል።

3ኛ/ አገጣጠም። መሪው ላይ ብቻ የሚታሰር ሰፊ መስታወት ከጎን የሚመጣ ነፋስን ወይም የሚያልፍ ከባድ መኪና የሚያስነሣውን ግፊት በቀጥታ ወደ መሪው ያስተላልፋል። ሞተሩ ቀላል ከሆነ አነስ ያለው ይመረጣል። ከተገጠመም በኋላ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞሩን፣ የፍሬን ገመድ አለመያዙን፣ ብሎኖቹም አለመላላታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

4ኛ/ አጸዳድ። ብዙ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። በቤንዚን መወልወል ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል፤ ይሰነጥቀዋልም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን ስናጠቃልል፣ የነፋስ መከላከያ መስታወት የምቾትና የድካም ጉዳይ ነው እንጂ የበሽታ መከላከያ አይደለም። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያ በልክ የሆነና ዓይንን የሚሸፍን መስታወት ያለው ሙሉ ሄልሜት፣ ቀጥሎ ጓንትና ደረትን የሚሸፍን ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ በመጨረሻም ረጅም መንገድ በፍጥነት ለሚጓዝ ሰው የነፋስ መከላከያ። ለጤና ባለሙያዎቻቸው ሞተር ብስክሌት የሚያቀርቡ ተቋማትም ይህንኑ ቅደም ተከተል ቢከተሉ መልካም ነው።

ወጣቱ ጎረቤቴ በማግስቱ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ተመረመረ፤ ዓይኑም ክትትል ተደረገለት። ሄልሜቱን እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ጎኑ የተሰነጠቀ፣ የፊት መሸፈኛው ከወለቀ የቆየ ነበር። ላጠራቀመው ገንዘብ የሚሆን መልስ ከዚያ በላይ አላስፈለገውም። ከሦስት ወር በኋላ ዓይኑ በደንብ ሲከደን፣ በአዲስ ሄልሜት ወደ ሥራው ተመለሰ። ፈገግ ሲል የግራ ከንፈሩ ዛሬም ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል። እነዚያ አምስት ቀናት ወደ ሁለት ዝቅ ብለው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህም ባልቀረ ነበር። እናቱ አሁንም «ነፋስ ነው» ይላሉ፤ ነገር ግን የሰፈሩ ሰው ፊት ሲጣመም «በሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት» ብለው የሚመክሩት እሳቸው ሆነዋል። የሕመሙን ስም ሕዝቡ እንደለመደው ይጥራው፤ ቀኑ እንዳያልፍ ማስተማር ግን የእኛ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው።