ዝንጅብል በሴቶች ጤና

ዝንጅብል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዚንጂበር ኦፊሲናሌ፣ ከእርድና ከኮረሪማ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ፣ ከመሬት በታች የሚያድገው ግንዱ ለቅመምነትና ለመድኃኒትነት የሚውል ተክል ነው። መነሻው እስያ ቢሆንም የቴፒና የሚዛን አማን አካባቢ ሙቀትና ዝናብ ስለተስማማው ከቡናው ጎን የገበሬው የገቢ ምንጭ ሆኗል፤ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የተከሰተው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ማሳውን ክፉኛ ቢጎዳውም ከማድ ቤት አልራቀም። ከቡና ቅጠል በሚፈላው የአካባቢው መጠጥ በጨሞ ውስጥም ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣና ከጤና አዳም ጋር ይገባል።

የወር አበባ ሲመጣ የማሕፀን የውስጥ ሽፋን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም የማሕፀንን ጡንቻ እያኮማተረ ከእምብርት በታች የሚሰማውን ቁርጠት ያስከትላል። በእርጥቡ ዝንጅብል የሚገኘው ጂንጀሮልና ዝንጅብሉ ሲደርቅ ከዚሁ የሚፈጠረው ሾጋኦል የፕሮስታግላንዲንን መመረት ይቀንሳሉ። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ የንጽጽር ሙከራዎች፣ የወር አበባ በታየባቸው የመጀመሪያ 3 ወይም 4 ቀናት በቀን ከ750 እስከ 2,000 ሚሊ ግራም የዝንጅብል ዱቄት የወሰዱ ሴቶች፣ ፈዋሽ ነገር የሌለበት ማስመሰያ እንክብል ከተሰጣቸው ይልቅ ሕመሙ ቀሎላቸዋል። በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ለሚያጋጥም ማቅለሽለሽም በቀን 1 ግራም ያህል፣ ተከፋፍሎ ሲወሰድ፣ እፎይታ እንደሚሰጥ ታይቷል፤ ትውከቱን ግን የዚያን ያህል አያስቆምም።

ይህ ማስረጃ የዝንጅብል እንጂ አብረውት የሚፈሉት ዕፆች ሁሉ አይደለም። ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል ሲደረግ ለመዓዛ ይሁን እንጂ፣ በብዛት ተፈልቶ ሲጠጣ ማሕፀንን በማኮማተር ጽንስ ሊያስወርድ፣ ጉበትንና ኩላሊትንም ሊጎዳ ስለሚችል፣ ነፍሰ ጡር ሴት በመድኃኒትነት ልትወስደው አይገባም። ዝንጅብሉም ቢሆን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለምትወስድ ሴት ያለ ሐኪም ምክር በብዛት አይታዘዝም።

ከወር ወደ ወር የሚብስ ቁርጠት፣ ከልክ ያለፈ ወይም በእርግዝና ጊዜ የሚታይ ደም፣ ውኃ እንኳ የማያስቀር ትውከት ከዝንጅብል አቅም በላይ ነው፤ እንዲህ ያለው ምልክት የታየባት ሴት በቅርቧ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም በሚዛን አማን ወደሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሳትዘገይ መሄድ ይኖርባታል።