ከእርሻ የተማረ ጤና

ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚወርድ መንገደኛ የጭላሎ ተራራን ብርድ ከኋላው ጥሎ ሙቀት ውስጥ ይገባል። የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ኦጎልቾ ያለችው በዚህ ዝቅ ባለው ምድር ነው። የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ስሟን ለአንድ የስንዴ ዝርያ ስላወጡት፣ ከተማዋን ያላየ ገበሬም «ኦጎልቾ» እያለ ይዘራል። ስንዴውን ያነሣሁት በምክንያት ነው፦ የገጠር ጤና አሠራራችን ዋና ሐሳቡን ያገኘው ከሆስፒታል ሳይሆን ከእርሻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በጭላሎ አውራጃ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የግብርና ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን ያስፋፋው በኤክስቴንሽን ሠራተኛና በሞዴል ገበሬ ነበር። ጎረቤት የጎረቤቱን ማሳ አይቶ ይከተላል። የእርሻ ኤክስቴንሽንም በአገሪቱ ተለመደ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ይህንኑ መንገድ ያዘ፤ በሞዴል ገበሬ ፈንታ ሞዴል ቤተሰብ መጣ። መጸዳጃ ያስቆፈረች፣ ልጆቿን ያስከተበች፣ አጎበር የሰቀለች እናት ለሰፈሯ ማሳያ ሆነች።

ከዚያ በፊትም ሙከራ ነበር። የጎንደር የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ለገጠር አሠልጥኗል። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ ጉባኤ ላይ አገሮች የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ለሁሉም እንዲዳረስ ተስማሙ፤ በደርግ ዘመንም የጤና ወኪሎች ሠለጠኑ። ወኪሎቹ ግን ከመንግሥት ደመወዝ አልነበራቸውም። ያለ ክፍያ የሚደክም ሰው እስከ መቼ ይደክማል? እንደ እኔ እምነት የ1995ቱ ዕቅድ ትልቁ ብልህነት እዚህ ላይ ነው፦ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ወጣት ከዚያው አካባቢ ተመርጣ፣ አንድ ዓመት ሠልጥና፣ ደመወዝተኛ ሆነች። 5,000 ያህል ሕዝብ ላለው ቀበሌ ሁለት ሴቶች በአንድ ጤና ኬላ ይመደባሉ። አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ፤ ከዚያ በላይ ሆስፒታል አለ።

በኦጎልቾ ዙሪያ ጤና ኬላ «ኬላ ፋያ» ይባላል። ሐኪም የላትም፤ ሥራዋ ግን ብዙ ነው። አንዲት እናት የሚያተኩሰው ልጇን አዝላ መጣች እንበል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣቱን ወጋ አድርጋ ጠብታ ደም በመመርመሪያው ላይ ታኖራለች፤ ወባ መሆን አለመሆኑ በሩብ ሰዓት ገደማ ይለያል። እስከዚያው ልብሱን ገለጥ አድርጋ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች፦ ሁለት ወር ሞልቶት ዓመት ላልሞላው 50 ከደረሰ፣ ለትልቁ 40 ከደረሰ ሳንባ ምች ትጠረጥራለች። ክንዱን ባለ ቀለም ጥብጣብ ትለካለች፤ ቀዩ ላይ ከወደቀ ልጁ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል። ለወባው ኮአርተምም ሆነ ለሳንባ ምቹ አሞክሲሲሊን ከዚያው ትሰጣለች፤ ከአቅሟ በላይ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ካለ ነው። ኬላዋ መድኃኒት ያጣች ቀን ግን እናቲቱ ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ በሚቀጥለው ሕመም የምትመጣ አይመስለኝም።

ውጤቱ ታይቷል። በብሔራዊ ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 67 ሆነ። በጤና ተቋም መውለድም እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ነበር፤ በ2019 ወደ 48 ደረሰ። ይህን ሁሉ የጤና ኬላ ብቻ አላመጣውም፤ መንገዱ፣ ትምህርቱ፣ አምቡላንሱም አለበት። የሠራተኞቹን ልፋት ግን ማንም አይክደውም።

አሁን ጭንቁ ሌላ ነው። ደም ግፊትና ስኳር ወደ ገጠሩ ገብተዋል፤ እነዚህ በአንድ ጊዜ ክኒን አይድኑም፤ ዕድሜ ልክ ክትትል ይሻሉ። የስንዴ ዝርያ በዋግ ሲሸነፍ ተመራማሪው አዲስ ያወጣል እንጂ ገበሬውን አይወቅስም። የጤና ኤክስቴንሽኑ የአገልግሎት ፓኬጅም እንዲሁ መታደስ አለበት። እስከ እ.ኤ.አ. 2035 የተነደፈው የፕሮግራሙ ፍኖተ ካርታ አንዳንድ ጤና ኬላዎችን ነርስና አዋላጅ ያሏቸው ሁሉን አቀፍ ጤና ኬላዎች ሊያደርግ አቅዷል። እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው፦ በየጤና ኬላው የማይጠፋ የግፊት መለኪያ፣ የማይቋረጥ መድኃኒት፣ ለዓመታት በፀሐይ ቤት ለቤት ለዞረችው ሠራተኛ ደግሞ የትምህርትና የዕድገት በር።