የቢታ ገነት ዝናብና የራዳር ዓይን
በካፋ ዞን የምትገኘው ቢታ ገነት ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ በሚወጣበት የአገሪቱ ክፍል ናት፤ በሰሜን ኢትዮጵያ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲጠቃለል፣ በካፋ ግን ከየካቲት ወይም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ይዘልቃል፣ በብዙ ቦታም የዓመቱ ድምር ከ1500 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥበት አዘል ነፋስ ከተራሮቹ ጋር ሲጋፈጥ ወደ ላይ ይገፋል፣ ከፍ ባለ ቁጥርም ይቀዘቅዛል፣ የያዘው ተንም ደመና ሆኖ ይዘንባል። ይህን ዝናብ መለካት ግን ቀላል አይደለም፤ የዝናብ መለኪያ ዕቃ የሚናገረው በአፉ ስለገባው ውሃ ብቻ ሲሆን፣ በገደልና በሸንተረር በተከፋፈለ አገር በአንዱ ተረተር ላይ ዶፍ ሲወርድ ከወንዙ ማዶ ካፊያ ብቻ ሊጥል ይችላል።

ይህን ክፍተት ከሚሞሉት መሣሪያዎች አንዱ የአየር ሁኔታ ራዳር ነው። የራዳሩ አንቴና ዙሪያውን እየተሽከረከረ አጫጭር የማይክሮዌቭ ምቶችን ይልካል፤ ሞገዱ ከዝናብ ጠብታ ወይም ከበረዶ ጋር ሲገናኝ ጥቂቱ ወደ አንቴናው ይመለሳል፣ ተልኮ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ የዝናቡን ርቀት፣ የተመለሰው ኃይል ደግሞ ብርታቱን ይጠቁማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠላት አውሮፕላን ይፈልጉ የነበሩ የራዳር ሠራተኞች ዝናብ ምስሉን እየሸፈነ ያስቸግራቸው ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ተመራማሪዎች ያንኑ እንከን ለጥናት አዋሉት።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ራዳር የሚለካው ተመላሹን ሞገድ እንጂ ዝናቡን አይደለም። የጠብታው ስፋት በእጥፍ ሲያድግ የሚመልሰው ኃይል 64 እጥፍ ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ግን የሚጨምረው 8 እጥፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ትልልቅ ጠብታዎች ከብዙ ደቃቅ ጠብታዎች የበለጠ ዝናብ ያላቸው መስለው ይታያሉ። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማርሻልና ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1948 የጠብታዎችን የመጠን ስርጭት የሚገልጽ ቀመር አሳተሙ፤ ከዚያ ሥራ የተገኘው የተመላሽ ኃይልና የዝናብ መጠን ዝምድና እስከ ዛሬ ያገለግላል፣ ሆኖም ለሁሉም ዓይነት ዝናብ አንድ ቀመር መጠቀም ስህተት ላይ ይጥላል።

ለካፋ ከዚህ የሚብሰው ችግር የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ተራራ የራዳርን ጨረር ይጋርዳል፤ በሜዳ እንኳ ቢሆን ምድር ክብ በመሆኗ በግማሽ ዲግሪ ከፍታ የተላከ ጨረር 200 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከራዳሩ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ ከሥሩ የሚወርደውን ዝናብ አያይም። ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ በሻውራ የተተከለው የኢትዮጵያ ራዳር የላይኛውን ዓባይ ተፋሰስ ዝናብ ለማጥናት ቢያገለግልም፣ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ለምትገኘው ቢታ ገነት አይደርስላትም።

ስለዚህ ቢታ ገነትን ከላይ ማየት ይሻላል። የተለመዱት ሳተላይቶች የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ለክተው ዝናቡን ይገምታሉ፤ ከተራራ ጋር ተጋፍጦ የሚፈጠረው ደመና ግን አናቱ ሳይቀዘቅዝ በደንብ ሊያዘንብ ስለሚችል ግምቱ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የአሜሪካና የጃፓን የጠፈር ተቋማት ያመጠቁት ራዳር የያዘ ሳተላይት ግን ከ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ በሁለት ዓይነት ሞገድ ደመናውን ሰንጥቆ፣ በረዶው በየትኛው ከፍታ ቀልጦ ዝናብ እንደሚሆን ሳይቀር ያሳያል። ድክመቱ ሁለት ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው፣ ከተራራማ መሬት የሚመለሰው ብርቱ ሞገድም ከምድር በላይ ያለውን አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ያደበዝዝበታል።

ከተራራ ጋር ተጋፍጦ የሚፈጠር ዝናብ ደግሞ በዚያው በደበዘዘው ንብርብር ውስጥ ሊበረታ ይችላል። የቡና ዛፍ ከደረቁ ወራት በኋላ በሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ስለሚያብብ፣ ያ ዝናብ የትኛውን ቀበሌ አርሶ የትኛውን እንዳለፈ ማወቅ ለገበሬውም ለንብ አናቢውም ጥቅም አለው፤ ለዚህም የራዳሩ ሥዕል በየወረዳው ታዛቢዎች በሚመዘግቡት ሚሊ ሜትር መታረም ይኖርበታል። በኢትዮጵያም የጣቢያ ልኬትንና የሳተላይት ግምትን አጣምሮ ጣቢያ ለሌለበት አካባቢ የዝናብ መረጃ ማዘጋጀት የተለመደ ሲሆን፣ የተጣመረው መረጃ ጥራት በአቅራቢያው ባሉት መለኪያዎች ብዛት ይወሰናል።