ፓስፖርት ከመጠየቅ በፊት፤ በጎንደርና በሰሜን ደጋ ስለ ስምና ስለ ልደት ቀን አጻጻፍ

ፓስፖርት ማለት አንድ መንግሥት ስለ ዜጋው ለሌሎች መንግሥታት የሚሰጠው የምስክርነት ቃል ነው። «ይህ ሰው ዜጋዬ ነው፤ ስሙ ይህ ነው፤ የተወለደውም በዚህ ቀን ነው» ይላል። ቃሉ ግን ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አይመነጭም፤ ከቀበሌ መዝገብ ይቀዳል። ስለዚህ በቀበሌ የተጣመመ ፊደል በፓስፖርቱም ላይ ተጣሞ ይወጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለአንባቢያችን ለማስረዳት የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

ወረቀት የሰውን ማንነት መመስከሩ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ከተማይቱ ሲገባ የአደራ ደብዳቤዎች ይዞ ነበር። ባላገሩ ግን በአገሩ ሲኖር ደብዳቤ አያስፈልገውም ነበር፤ አባቱንና አያቱን ጠርቶ፥ ካስፈለገም ዋስ አቁሞ ይታወቅ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 በፓሪስ የተደረገው ጉባኤ የአገሮች ፓስፖርት አንድ ዓይነት መልክ እንዲይዝ መከረ። ከዚያ ወዲህ ዋስና ምስክር በድንበር ላይ ቦታ አጡ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል፤ ነገር ግን በዚህ መብት በሕጋዊ መንገድ ለመጠቀም ብዙ ጊዜ ፓስፖርት ያስፈልጋል።

ፓስፖርት የሚጠይቅ ሰው ከሚያቀርባቸው ማስረጃዎች ዋናዎቹ የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት ናቸው፤ የሚያሳድስ ሰው ደግሞ የቀድሞውን ፓስፖርት ይጨምራል። የልደት ምዝገባ ነገር በሕግ የታሰበው ቀደም ብሎ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ብዙ አንቀጾች ሲኖሩት፥ አፈጻጸሙ ግን በዚያው ሕግ ለሌላ ጊዜ ተላልፎ ነበር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፥ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት የተወለደ የዳባት፥ የደባርቅ ወይም የጃናሞራ ሰው የልደት ምስክር ወረቀቱን የሚያወጣው ካደገ በኋላ ነው፤ ቀኑም የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ወይም ከአባት አፍ ተሰምቶ ነው።

እናት የልጇን ልደት አትረሳም፤ የምታስታውሰው ግን በበዓልና በዘመን ነው። «ለመስቀል» ወይም «ለጥምቀት» ትላለች። ይህ ቃል እውነተኛ ነው፤ ስሕተቱ የሚመጣው ወደ አውሮፓ ቀን ሲገለበጥ ነው። ለምሳሌ ሁለት ልጆች በ1990 ዓ.ም. ቢወለዱ፥ አንዱ ለመስቀል፥ ሌላው ለጥምቀት ቢሆን፥ በእኛ አቆጣጠር የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። በፓስፖርት ላይ ግን የመስቀሉ ልጅ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1997፥ የጥምቀቱ ደግሞ ጃንዋሪ 19 ቀን 1998 ይሆናል። ምክንያቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ስለሆነ ነው። ሳያሰላ ለሁሉም ስምንት የሚደምር ሰው የመስቀሉን ልጅ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። ጥር 11ን ጃንዋሪ 11 ብሎ የሚጽፍም በስምንት ቀን ይስታል።

የስም ነገር ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፥ የአባትና የአያት ስም ብቻ ነው ያለው። የውጭ አገር ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ በዚያ ቦታ አያት ሲገባ አባትና ልጅ ልዩ ልዩ የቤተሰብ ስም ያላቸው መስለው ይታያሉ። በዚህም ላይ በትምህርት ቤት መዝገብ «ገ/መድኅን» ተብሎ ያጠረው ስም በመታወቂያ «ገብረ መድኅን»፥ በሌላ ወረቀት «ገብረመድኅን» ሆኖ ይገኛል። ፓስፖርትን የሚያነብበው መኪና ከላቲን ፊደልና ከቁጥር በቀር ስለማይቀበል እዝባሩን አያውቀውም። «ፀሐይ» የሚለው ስም መነሻ ፊደሉ በላቲን አንድ ጊዜ በቲና በኤስ፥ ሌላ ጊዜ በቲና በዜድ ይጻፋል። «መሐመድ» የሚለውም እንዲሁ በብዙ መንገድ ይጻፋል። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆነው ስም ለመኪናው ሁለት ሰው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ሳይታወቅ የሚደረገው ስሕተት ሳይሆን ታውቆ የሚደረገው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ የሚላክ ሰው ዕድሜው ከ18 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የቸኮለች ልጅ «ትንሽ ዓመት ጨምሪ» ስትባል እሺ ትላለች። ነገር ግን በባዕድ አገር በደል ቢደርስባት፥ ልጅነቷን የሚመሰክርላት ወረቀት ራሱ በእርስዋ ላይ ይመሰክራል። ወደ አገሯ ስትመለስም የትምህርት ማስረጃዋና ፓስፖርቷ አይስማሙም።

እንግዲህ አመልካች አስቀድሞ በቤቱ ሊያደርገው የሚገባ ነገር አለ። መታወቂያውን፥ የልደት ወረቀቱንና የትምህርት ማስረጃውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል ያስተያይ። ቀኑን ቀን መቁጠሪያ በሚያውቅ ሰው ያስገልብጥ። የላቲኑን አጻጻፍ አንድ ጊዜ ወስኖ በሁሉም ቦታ ያንኑ ይጻፍ፤ ቅጹን ራፖር ጸሐፊ ወይም የኮምፒውተር ቤት ሠራተኛ ቢሞላለትም ሳያነብ፥ ማንበብ ካልቻለም ሳያስነብብ አይቀበል። የሚያሳድስም ሰው ብዙ አገሮች ቢያንስ ስድስት ወር ዕድሜ የቀረው ፓስፖርት እንደሚጠይቁ አስቦ ቀደም ይበል።

ይህ ምክር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር ደግሞ 180 ያህል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ በተዘጋ ቁጥር፥ ለአንድ ፊደል ተብሎ መመለስ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም የሚያሰጋ ሆኗል። ስለዚህ የመዝገብ ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «ልክ ነው ወይ?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢያነብብለት፥ ለባላገሩ ትልቅ ውለታ እንደዋለለት እንቆጥረዋለን።